የክፍት ምንጭ ሥራ ስፖንሰር ማን ነው?

በሌላው አገር ዕድር የሚባለው ማኅበር በእኛ በወሎ ቅሬ ይባላል። ከደጋን እስከ ደሴ ያለ ሰው እንደሚያውቀው፣ ቅሬ መዋጮም ጉልበትም ይጠይቃል፤ በለቅሶ ቤት ንፍሮ የቀመሰ ሁሉ ግን የቅሬው አባል አይባልም። ይህን ያነሣሁት በሶፍትዌር ሥራ ያለውን አንድ ጥያቄ ለማስረዳት ነው።

ክፍት ምንጭ የሚባለው ሶፍትዌር ኮዱ ለሁሉ የተገለጠ፣ ማንም ሊጠቀምበትና ሊያሻሽለው የተፈቀደ ነው። ታዲያ ስፖንሰር ተብሎ ስሙ ሊጻፍ የሚገባው ማን ነው? ነገሩ የክብር ብቻ አይደለም፤ ስፖንሰር የተባለ ወገን ወደፊት ስለሚሠራው ነገር ሲናገር ይሰማል።

ቅርቡ ምሳሌ ፋይዳ ነው። ይህ መታወቂያ የቆመው ሞሲፕ በተባለ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ላይ ነው። ሞሲፕ በ2010 ዓ.ም. በህንድ አገር፣ በባንጋሎር በሚገኝ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተቋም ተጀመረ። የጌትስ ፋውንዴሽን፣ ታታ ትረስትስና ኦሚድያር ኔትወርክ ገንዘብ ሰጡት፤ እነዚህን ስፖንሰር ማለት አያከራክርም። የዓለም ባንክም በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ 350 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ። ገንዘቡ ብዙ ነው፤ ነገር ግን የተፈቀደው በሶፍትዌሩ ለሚጠቀም አገር እንጂ ለሶፍትዌሩ አይደለም። ስለዚህ ባንኩ የፋይዳ ደጋፊ ነው፤ በዚህ ገንዘብ ብቻ ግን የሞሲፕ ስፖንሰር ሊባል አይገባም። እኛም ተጠቃሚዎች ስለ ሆንን ብቻ ስፖንሰር አንሆንም።

ተጠቃሚንና ስፖንሰርን መለየት ለምን እንደሚያስፈልግ ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል ያሳያል። ይህ ሶፍትዌር በኢንተርኔት የሚላከውን ምስጢር ይጠብቃል። በ2006 ዓ.ም. ከባድ ጉድለት ሲገኝበት፣ ታላላቅ ኩባንያዎች እየተጠቀሙበት በዓመት የሚያገኘው ልገሳ 2,000 ዶላር ያህል እንደ ነበር ታወቀ። ንፍሮውን የቀመሱት ብዙ፣ መቃብሩን የቆፈሩት ግን ጥቂት ነበሩ።

አስቸጋሪው የጉልበት ነገር ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ደመወዝ የሚከፍለውን ፕሮግራመር በጋራው ኮድ ላይ ቢያሠራ፣ ጥሬ ገንዘብ ከሰጠው በምን ያንሳል? በእኔ አስተያየት አያንስም። ሠራተኛው ያሻሻለውን መሥሪያ ቤቱ ለራሱ ካስቀረው ግን አይቆጠርለትም። ሠራተኛው በዕረፍት ሰዓቱ ያለ ደመወዝ የሠራ እንደ ሆነም ሊመሰገን የሚገባው እርሱ ነው፤ አሠሪው በዚያ ሥራ ስሙን ቢያስጽፍ የሰው መዋጮ እንደ መውሰድ ነው።

አንድ ጊዜ ሰጥቶ የተወውስ? ስሙን መፋቅ ውለታ መርሳት ነው፤ እንዳለ መተውም ዛሬ የሚሰጡትን ይጋርዳል። የሰጠበትን ዓመት ከስሙ አጠገብ መጻፍ ይሻላል።