ቤት ከመግዛት አስቀድሞ ቤቱን ስለ መመርመር

ሰው በዕድሜው ከሚፈጽማቸው ግዢዎች ሁሉ የሚከብደው የቤት ግዢ ነው። በሬ የሚገዛ ገበሬ ጥርሱን ያያል፣ ሽንጡን ይዳስሳል፣ ጥቂት ነድቶም አረማመዱን ይመለከታል፤ ጋቢ የምትገዛ ሴትም ፈትሉን ገልጣ ሳታይ ገንዘቧን አትፈታም። የሃያና የሠላሳ ዓመት ጥሪቱን ለቤት የሚያወጣ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ደጁን አይቶ፣ የቀለሙን ማማር አድንቆ ቀብድ ሲከፍል ይታያል። ይህ ነገር እጅግ የሚያስገርም ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወዳጄ በጥቅምት ወር በአዲስ አበባ ቤት ሲገዛ ከምስክሮቹ አንዱ እኔ ነበርሁ። ካርታውን አየን፤ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት አስጠየቅን፤ ውሉንም ቃል በቃል አንብበን ፈረምን። ግድግዳው ግን በአዲስ ቀለም ያበራ ስለ ነበር ማንም እጁን አላሳረፈበትም። በሚከተለው ሐምሌ ከመስኮቱ ማዕዘን የተነሣው ስንጥቅ እስከ ኮርኒሱ ደረሰ፤ በጓዳው በኩል ያለው ልስንም ረጥቦ ተላጠ። ወዳጄ ለልጆቹ ትምህርት ያኖረውን ገንዘብ ለመሠረቱ ማደሻ አወጣው። እርሱ አልወቀሰኝም፤ እኔ ግን ወረቀቱን እንጂ ቤቱን ሳላይ በመመስከሬ ራሴን እወቅሳለሁ።

ቤትን መመርመር አዲስ ነገር አይደለም። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 14 ደዌ ስለ ታየበት ቤት የተጻፈውን ሊቃውንት ያውቁታል። ካህኑ ከመግባቱ አስቀድሞ ቤቱ ባዶ እንዲሆን ያዛል፤ ከዚያም በግድግዳው ላይ ያለውን አረንጓዴ ወይም ቀይ ምልክት ያያል፤ ቤቱን ሰባት ቀን ዘግቶ በሰባተኛው ቀን ተመልሶ ይመረምራል። ትእዛዙ ስለ መንጻት ቢሆንም ለገዢ የሚጠቅሙ ሦስት ነገሮች ይገኙበታል፤ ይኸውም ቤትን ዕቃው ተነሥቶ ማየት፣ ተመልሶ ዳግመኛ ማየት፣ ማየት በሚያውቅ ሰውም ማሳየት ነው።

በአዲስ አበባ በቦሌና በአቃቂ በኩል ብዙው ቦታ መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ነው። ይህ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ መሠረቱ በሚገባ ያልተሠራ ቤትም ከአፈሩ ጋራ ይነሣል፣ ይወርዳል። ከመስኮት ማዕዘን ሰያፍ ሆኖ የሚወጣ ስንጥቅና አልገጥም የሚል በር ምልክቶቹ ናቸው። ቤቱ በእንጨትና በጭቃ የተሠራ እንደ ሆነ የቋሚውን እግር በስለት ወጋ ማድረግ ይገባል፤ ምስጥ የበላው እንጨት ከላይ ደኅና መስሎ ውስጡ ባዶ ይሆናልና። በቀን ከኮርኒሱ በላይ ገብቶ ጣራውን ማየት ያስፈልጋል፤ በቆርቆሮው ቀዳዳ ዛሬ የሚገባው ብርሃን ነገ የሚገባው ዝናብ ነው። ልስኑን ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ ቢሰጥ ከግንቡ ተለይቷል ማለት ነው። ቧንቧውን ሁሉ ከፍቶ፣ መብራቱን ሁሉ አብርቶ መፈተን፣ ቢቻልም ቤቱን ከዝናብ በኋላ መጐብኘት መልካም ነው።

አንዳንዶች «ባንክ ገምቶታል» ብለው ይተማመናሉ። የባንክ ገማች ግን የብድሩን መያዣ ዋጋ ይገምታል እንጂ ለገዢው ስለ ቤቱ ጤንነት ዋስ አይሆንም። ሌሎችም «ጉድለት ቢገኝ ሻጩን እከሰዋለሁ» ይላሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ተሰወረ ጉድለት ሻጩን ዋስ ያደርገዋል፤ ነገር ግን ገዢው አስቀድሞ ላወቀው፣ ወይም ከታላቅ ቸልታ በቀር ሊሰወረው ለማይችል ጉድለት ዋስትና የለም። ከዚህም በላይ ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ የከተማ ቦታ በግል የሚሸጥ አይደለም፤ በሕግ ፊት ከሻጩ የሚገዛው ቤቱ ነው። እንግዲህ ቤቱን ሳይመረምር የገዛ ሰው ምኑን አውቆ ገዛ?

በአሜሪካ አገር ገዢው ሽያጩ ከመጽናቱ በፊት በራሱ ገንዘብ መርማሪ ቀጥሮ የቤቱን ጉድለት በጽሑፍ ያስቀርባል። በእኛም ዘንድ ገዢ ቀብድ ከመክፈሉ አስቀድሞ አንድ መሐንዲስ ወይም የታመነ ግንበኛ ራሱ መርጦ ሊያሳይ ይገባዋል። የደላላው ሰው ለዚህ አይበቃም፤ ደላላ ዋጋውን የሚያገኘው ሽያጩ ሲፈጸም ነውና። የተገኘው ጉድለት በውሉ ቢጻፍ ወይ ከዋጋው ይቀነሳል ወይ ሻጩ ያድሰዋል፤ ቅን ሻጭም ከኋላ ክርክር ይድናል።

ለምስክርነትና ለሽምግልና የምንጠራ ሁሉም ከመፈረማችን በፊት «ካርታው ታይቷልን?» ብለን እንደምንጠይቅ ሁሉ፣ «ቤቱንስ ማን መረመረው?» ብለን እንጠይቅ። ይህን አንድ ጥያቄ በዚያ በጥቅምት ቀን ጠይቄ ቢሆን ኖሮ የወዳጄ ልጆች የትምህርት ገንዘብ በመሠረት ጉድጓድ ባልተቀበረ ነበር።