አይኤፍአርኤስ ብለው ከጻፉ

ከፋይናንስ ሥራዬ ጎን ለጎን ለፋይናንስ ማናጀርነት የሚያመለክቱ ሰዎችን መምረጥ ላይ እሳተፋለሁ። ማስታወቂያ ሲወጣ የሚመጣው ሲቪ ብዙ ስለሆነ እኔ ዘንድ ከመድረሱ በፊት የሰው ሀብት ባልደረቦቼ ያጣሩታል። እነሱ የሒሳብ ባለሙያ አይደሉም። በእጃቸው ያለው የማስታወቂያው መስፈርት ነው፦ አይኤፍአርኤስ (ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃ)፣ ፒችትሪ የተባለው የሒሳብ ሶፍትዌር፣ የታክስ ሕግ፣ የበጀት ዝግጅት፣ የውጭ ኦዲት። ከነዚህ ቃላት አንዱንም ያላገኙበት ሲቪ ወደ ጎን ይቀመጣል። ማመልከቻ በኦንላይን በሚሞላባቸው ትልልቅ ድርጅቶች ደግሞ ይህን ሥራ ብዙ ጊዜ ሶፍትዌር ያግዛል። ስለዚህ የማስታወቂያውን ቃላት ሲቪ ላይ ማስፈር ነውር የለበትም፤ እንዲያውም ግድ ነው።

በጣም የሚቆጨኝ ሥራውን ጠንቅቀው እያወቁ በዚህ ማጣሪያ የሚቀሩት ናቸው። አንዲት አመልካች ሲቪዋ ላይ «የድርጅቱን ሒሳብ በአግባቡ ሠርቻለሁ» ብቻ ብላ ነበር። በአጋጣሚ ጠርተን ስናነጋግራት ግን፣ ድርጅቷ በአዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት ወደ አይኤፍአርኤስ ሲሸጋገር የቋሚ ንብረት መዝገቡን ከነእርጅና ቅናሹ እንደ አዲስ የገነባችው እሷ ሆና ተገኘች። መጋዘን ለመጋዘን ዞራ ማሽኑን ቆጥራለች፣ ደረሰኝ የጠፋበትን ንብረት አስገምታለች፣ ኦዲተሮቹ ፊት ቀርባ አስረድታለች። ከዚህ ሁሉ አንድም ቃል ወረቀቱ ላይ የለም። የሠሩትን ሥራ በስሙ መጥራት ጉራ የሚመስላቸው ጎበዝ ባለሙያዎች ብዙ ናቸው፤ ቦታውን ግን ለሌላ እየለቀቁ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ የማስታወቂያውን ቃላት እንዳሉ ገልብጦ የሚደረድር አለ። ማጣሪያውን ያልፋል፤ ጥያቄው የሚጠብቀው ከዚያ በኋላ ነው።

«አይኤፍአርኤስ» ብሎ ለጻፈ ሰው የማቀርበው አንድ ጥያቄ አለኝ። የብር ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን የተደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው። አብዛኛው ድርጅት የበጀት ዓመቱን የዘጋው ሰኔ 30 ነበር። ለውጭ አቅራቢ በዶላር የሚከፈል ዕዳ የነበረበት ድርጅት የ2016 የሒሳብ መግለጫውን ሲያዘጋጅ ዕዳውን በየትኛው ተመን ይይዘዋል? ሥራው ውስጥ ያለፈ ሰው ብዙም አያስብም። በሰኔ 30 ተመን ይያዛል፤ ከዚያ ወዲህ የመጣው ለውጥ የ2016ን ቁጥር አይነካም፤ ከባድ ለውጥ ስለሆነ ግን በማብራሪያ ይገለጻል፤ ኪሳራው የሚመዘገበው በ2017 ነው። አንዳንዱ በዚያ ክረምት ከኦዲተር ጋር የተከራከረውን ሳይቀር ያወጋኛል። ቃሉን ብቻ የለጠፈው ስለ አይኤፍአርኤስ ጠቀሜታ ማስረዳት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ሲቪው ላይ ያለው ሌላው ነገር እውነት ቢሆንም እንኳ ማመን ይቸግረኛል፤ ትልቁ ጉዳት ይኼ ነው።

ስለዚህ ቃሉን ከሠሩት ሥራ ጋር አብረው ይጻፉት። «ቫት፣ ዊዝሆልዲንግ፣ ፔይሮል» ብሎ ከመደርደር፣ «በየወሩ የቫትና የዊዝሆልዲንግ ሒሳብ አዘጋጅቼ ለገቢዎች አሳውቃለሁ፤ የታክስ ኦዲት ሲመጣ ሰነድ አቅርቤ የተከራከርኩት እኔ ነኝ» ቢሉ ለአጣሪውም ለእኔም ይበቃል። የሶፍትዌር ስም ማስታወቂያው በጠራው ስም ይጻፍ። ፒችትሪ ሴጅ 50 ከተባለ ዓመታት ቢያልፉም ማስታወቂያዎቻችን ዛሬም ፒችትሪ ይላሉና ሁለቱንም መጥቀስ አይጎዳም።

ለማናጀርነት ሲያመለክቱ ግን የሶፍትዌር ብዛት ብዙ አያራምድም። እኔ ገጹ ላይ የምፈልገው ማን እንዳጸደቀ፣ ማን ቼክ እንደፈረመ፣ ጥሬ ገንዘብ ሲያጥር የትኛው ክፍያ እንደሚቀድም ማን እንደወሰነ ነው። የበጀት ልዩነቱን ቦርድ ፊት ያስረዳ ሰው ይህን በአንድ መስመር ቢጽፍልኝ ከአሥር የኮርስ ሰርተፍኬት በላይ አየዋለሁ።

የመጨረሻው ነገር የሥራ መደቡ ስም ነው። የሥራ ልምድ ደብዳቤው «ሲኒየር አካውንታንት» እያለ ሲቪው «ፋይናንስ ማናጀር» ካለ፣ ደብዳቤው ሲቀርብ ልዩነቱ ይታያል፤ ቅጥሩ እዚያ ላይ ሊቆም ይችላል። መደቡን ደብዳቤው ላይ ባለው ስም ይጻፉት። ኃላፊው በሌሉበት ክፍሉን መርተው ከሆነ ከሥሩ ከስንት እስከ ስንት ወር እንደነበረ ጠቅሰው ያብራሩ፤ የውክልና ደብዳቤም ካለዎት ኮፒውን ያያይዙት።