የማገዶ እንጨት አደራረቅና አነዳደድ

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ተነሥተው በወለጋ፣ በኢሉባቦር፣ በከፋና በመተከል ከሰፈሩት በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ወገኖች ብዙዎቹ በትውልድ ቀያቸው ኩበትና አገዳ ማንደድ የለመዱ ነበሩ። በአዲሱ መንደር እንጨቱ ቅርብ፣ ክረምቱ ግን ረጅም ሆኖ አገኙት። እርጥብ እንጨት በተማገደበት ጎጆ ሁሉ ችግሩ አንድ ነው፤ ቤቱ በጢስ ይታፈናል፣ ወጡም አይበስልም።

አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። አንዲት እናት 20 ኪሎ ግራም እርጥብ እንጨት ተሸክማ ስትመጣ 10 ኪሎ ግራም ገደማ የሚሆነው ሸክሟ ውሃ ነው ማለት ነው። ይህ ውሃ ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ እሳቱ የሚደክመው ለድስቱ ሳይሆን ለእንፋሎቱ ይሆናል። ዋናው ጉዳት ግን ሌላ ነው። እንጨት ሲሞቅ አብዛኛው አካሉ ወደ ጋዝ ይለወጣል፤ ነበልባል የሚባለውም ይኸው ጋዝ ሲቃጠል የሚታየው ነው። ጋዙ ለመቀጣጠል ከፍተኛ ሙቀትና በቂ አየር ይሻል። እርጥበቱ ምድጃውን ሲያቀዘቅዘው ሳይነድ ያመልጣል፤ ዓይን የሚያስለቅሰው፣ በጣሪያው ላይም ጥቀርሻ ሆኖ የሚለጠፈው እርሱ ነው። ስለዚህ ጢስ ሳይነድ የባከነ ማገዶ ነው። ይህንኑ ጢስ አብዝተው የሚተነፍሱት እናቶችና በጀርባቸው ያዘሏቸው ሕፃናት ሲሆኑ፣ የቤት ውስጥ ጢስ ሕፃናትን ለሳንባ ምች እንደሚያጋልጥ የታወቀ ነው።

እንጨት ማድረቅ ጊዜ እንጂ ገንዘብ አይጠይቅም። ግንዱ ሳይፈለጥ ከተቀመጠ ልጡ ውሃውን አምቆ ያቆየዋል። በመሆኑም ገና እርጥብ ሳለ፣ በተለይ ባሕር ዛፍ ከደረቀ በኋላ ለመፍለጥ ስለሚያስቸግር፣ ከክንድ ባልበለጠ ውፍረት ተፈልጦ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ነፋስ እንዲያልፍበት እየተመሳቀለ ይደረደራል። ላዩ በሣር ይከደናል፤ ጎኑ ክፍት ይተዋል። በጥቅምት የተደረደረ ፍልጥ በጋውን ሙሉ ነፋስና ፀሐይ ያገኛል። ጫፉ ሲሰነጣጠቅና ሁለቱ ፍልጦች ሲጋጩ ድምፃቸው ሲጠራ እንጨቱ ደርሷል፤ ይህን እንኳ እናቶች ከባለሙያው አስቀድመው ያውቁታል።

በምድጃው ውስጥ ጭራሮው ቀድሞ ይቀጣጠል፤ ቀጫጭኑ ፍልጥ ጥቂት በጥቂት ይጨመር። አመዱ ካልተጠረገና እንጨቱ ከተጨናነቀ አየር አይገባም። ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል፤ እርጥብ ከተማገደበት ግን እርሱም ይጨሳል። ምግቡ እንደበሰለ የተረፈው እንጨት ወጥቶ ይጥፋ። ጢስ የማይታይበት ፍም እንኳ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ስለሚያወጣ፣ በተዘጋ ቤት ውስጥ አብሮ ሊታደር አይገባም።