የሚወዱትን አሰልፎ ማሸነፍ፦ የፖኪሞን ውድድር ከ1996 ወዲህ

በደብረ ኤልያስም ሆነ በደብረ ማርቆስ፣ ከስልክ ወደ ስልክ እየተላከ የሚዘዋወረው ፖኪሞን ብዙውን ጊዜ በኢሙሌተር፣ ማለትም የድሮ ማጫወቻን በሚያስመስል ፕሮግራም፣ የሚከፈተው የ2004ቱ ፋየርሬድ ነው። ልጁ ገና ሲጀምር ከሦስት ፍጡራን አንዱን ምረጥ ይባላል። ጅራቷ ላይ እሳት የሚነድባትን እንሽላሊት፣ ቻርማንደርን፣ ያነሣል፤ ከዚያ በኋላ ሌላ አያይም። እንሽላሊቷ አድጋ ክንፍ አውጥታ ቻሪዛርድ ትሆናለች፣ ደረጃዋ 70 ይደርሳል፣ የቀሩት አምስቱ ውሃ ለማሻገርና ዛፍ ለመቁረጥ ብቻ ይከተሏታል። ታሪኩን በእሷ ብቻ ይጨርሰዋል። ጉዱ የሚፈላው ሰው ሲገጥም ነው። ጓደኛው የድንጋይ ምት የሚያውቅ አንድ ፖኪሞን ያስገባል፤ እሳትም ክንፍም ያላት ቻሪዛርድ ድንጋይ አራት እጥፍ ስለሚጎዳት በአንድ ምት ትዘረራለች። ከኋላዋ ቡድን የሚባል ነገር የለም።

የሚወዱትን ይዞ ሰው የሚያሸንፍ ቡድን መሥራት ይቻላል ወይ? ጥያቄው የጨዋታው እኩያ ነው። መልሱ ግን በየዘመኑ ተለዋውጧል፣ የለወጡትም በአብዛኛው ሕጎቹ ናቸው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሳቶሺ ታጂሪና ጌም ፍሪክ የተባለው ድርጅቱ ሬድና ግሪንን ጃፓን ውስጥ በየካቲት 1996 ሲያወጡ ፍጡራኑ 151 ነበሩ። ሰው ለመግጠም ሁለት ጌም ቦይ በገመድ ማያያዝ ያስፈልግ ነበር። ከ151ዱ ለውድድር የሚበቁት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ቶሮስ፣ ስኖርላክስና ቻንሲ የሌሉበት ጠንካራ ቡድን ማግኘት ብርቅ ስለነበር፣ ከስድስቱ ቦታ ሦስቱ ገና ሳይጀመር ተይዟል። በዚያ ላይ ፈጣን የሆነ ፖኪሞን ከባድ ምት የማሳረፍ ዕድሉም ይጨምርለታል፤ ቀርፋፋ የወደደ ሰው ሁለት ጊዜ ይቀጣል። ከሁሉ የሚያሳዝነው የእሳት ፖኪሞን የሆነችው የፍላሪዮን ወዳጅ ነበር። በአካል የማጥቃት መነሻ ቁጥሯ 130 ነው፣ ከቶሮስ 100 ይበልጣል። በዚያ ሕግ ግን የእሳት ምት ሁሉ የሚሰላው ስፔሻል በሚባለው በሌላኛው ኃይል ነበርና የፍላሪዮን ጉልበት ለገዛ እሳቷ አይጠቅማትም። ይህ ሕግ የተስተካከለው በ2006 በዳይመንድና ፐርል ነው። ጉልበቷን የሚመጥን የእሳት ምት የተሰጣት ደግሞ በ2013። አሥራ ሰባት ዓመት መጠበቅ ነው! ፋየርሬድ የሚሄደው በድሮው ሕግ መሆኑን ስልኩ ላይ የሚጫወት ልብ ይበል።

በ1999 ጎልድና ሲልቨር ሲወጡ ጨዋታው ራሱ ስለ ጉዳዩ አስተያየት ሰጠ። ካረን የተባለችው የመጨረሻው ዙር ተጋጣሚ፣ ብርቱና ደካማ የሚለው የሰው አመለካከት ነው፣ ብልህ አሰልጣኝ በሚወዳቸው ለማሸነፍ ይጥራል የሚል ሐሳብ ትሰነዝራለች። አባባሏ እስከ ዛሬ በተጫዋቾች አፍ አልጠፋም። የማይነገረው ነገር ግን አለ፦ ካረን የጨለማ ወገን ወዳጅ ነኝ እያለች ከአምስቱ ፖኪሞኖቿ ሁለቱ፣ ቪሌፕሉምና ጌንጋር፣ ከጨለማ ወገን አይደሉም። እሷም ብትሆን በፍቅር ብቻ አልተሰለፈችም።

በዚያው ዓመት ፖኪሞኖች ዕቃ መያዝ ጀመሩ፣ ይህም ለተወዳጆች የተከፈተ የመጀመሪያው በር ነው። ፒካቹ ብቻ የሚጠቀምበት ላይት ቦል የሚባል ዕቃ ኃይሉን እጥፍ ያደርግለታል። በ2002 ሩቢና ሳፋየር እያንዳንዱ ፖኪሞን አቢሊቲ፣ ማለትም ሳይታዘዝ የሚሠራ የራሱ ባሕርይ፣ እንዲኖረው አደረጉ፤ ሁለት ለሁለት መጋጠምንም አመጡ። በ2010 ብላክና ዋይት ሲወጡ ኢቪዮላይት መጣ፤ ገና ያልጨረሰ፣ ወደ መጨረሻ መልኩ ያላደገ ፖኪሞን ይህን ከያዘ የመከላከል ቁጥሩ በግማሽ ያድጋል። ፖሪጎን 2ና ደስክሎፕስ የታላላቆቻቸውን ቦታ የወሰዱት በዚህ ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ፖሊቶድ ናት። ይህች አረንጓዴ እንቁራሪት ከ1999 ጀምሮ ነበረች፣ ማንም ዞር ብሎ አላያትም። በ2010ዎቹ መጀመሪያ ሜዳ ስትገባ ዝናብ የሚያዘንብ አቢሊቲ ተሰጣት፤ ቀድሞ ይህን የሚያደርገው ካዮገር የተባለው ታላቅ ፍጡር ብቻ ነበር። ቁጥሮቿ አንድም አልጨመሩ። ነገር ግን ዝናብ ሲዘንብ ፍጥነታቸው እጥፍ የሚሆን የውሃ ፖኪሞኖች ሁሉ እሷን ፈላጊ ሆኑ፣ በዙሪያዋም ቡድን ይሠራ ጀመር።

ይፋዊው የቪዲዮ ጌም የዓለም ሻምፒዮና የተጀመረው በ2009 ነው። ስድስት ያስመዘግባሉ፣ በእያንዳንዱ ግጥሚያ አራቱን ይመርጣሉ፣ ሁለት ለሁለት ይጋጠማሉ፣ ሁሉም ደረጃ 50 ላይ ይሰላል። አሜሪካዊው ሬይ ሪዞ ከ2010 እስከ 2012 ሦስት ጊዜ በተከታታይ ዋንጫውን አነሣ። ሁለት ለሁለት መሆኑ ብዙ ነገር ይቀይራል። አንድ ለአንድ ሲሆን ደካማ የሆነ ብቻውን ይጋለጣል፤ ሁለት ሲሆኑ ግን ጎን ለጎን የቆመው ሊሸፍንለት፣ እሱም ለጎረቤቱ ሊሸፍን ይችላል።

ይህን በተግባር ያሳየው ሴ ጁን ፓርክ ነው። ነሐሴ 2014፣ ዋሽንግተን ዲሲ። ደቡብ ኮሪያዊው ፓርክ በፍጻሜው ከአሜሪካዊው ጁዲ አዛሬሊ ጋር ሲገጥም፣ ከጋያራዶስ፣ ከጋርቾምፕ፣ ከታሎንፍሌም፣ ከጋርድቮርና ከጎቲቴል ጋር ያሰለፋት ስድስተኛዋ ፓቺሪሱ ነበረች፤ ጉንጯ ቢጫ የሆነ ነጭና ሰማያዊ ሽኮኮ። የጋርቾምፕ መነሻ ቁጥሮች ድምር 600 ነው፣ የእሷ 405። ሁለቱም የማጥቃት ቁጥሮቿ 45፣ 45 ናቸው። ተመልካቹ የሳቀው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ፓርክ ግን ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ አልሰጣትም። ሱፐር ፋንግ የሚባለው ምት የተመታውን ቀሪ ደም በግማሽ ይቆርጣል፤ የመቺውን ጉልበት አይጠይቅም። ነዝል ጉዳቱ ኢምንት ነው፣ ነገር ግን ያለ ጥርጥር ያደነዝዛል፤ በዚያን ጊዜ ሕግ የደነዘዘ ፍጥነቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ፎሎው ሚ የተቃራኒን ምት ወደ ራሷ ይስባል። አሁን ጎኗ የቆመውን ጋያራዶስን እንይ፦ ውሃም በራሪም ስለሆነ መብረቅ አራት እጥፍ ይጎዳዋል። ፓቺሪሱ ደግሞ መብረቅ ሲመታት ደሟ ይጨምርላታል። ተጋጣሚው በጋያራዶስ ላይ የላከው መብረቅ እሷ ላይ ያርፋል፣ እሷም ትታከምበታለች።

ቀሪው የሒሳብ ጉዳይ ነው። አንድ ፖኪሞን የሚከፋፈል 510 የልምምድ ነጥብ አለው፤ አንዱ ቁጥር ላይ ከ252 በላይ አይፈስስም። ፓቺሪሱ ደረጃ 50 ላይ ያለ ልምምድ ደሟ 135 ነው፤ 252 ሲፈስበት 167 ይሆናል። ስፔሻል ምትን የምትከላከልበት ቁጥር ያለ ልምምድም 110 ነው። ይህች ናት ተብላ የምትናቀው ሽኮኮ የድራጎኑን የሳላመንስን ድራኮ ሜቲዮር ተቀብላ ስትቆም አዳራሹ አበደ። ዋንጫውንም ፓርክ ወሰደ፤ ፓቺሪሱም በኋላ በይፋ ለተጫዋቾች በስጦታ ተሰራጨች።

ይህን ድል ብዙዎች የፍቅር ታሪክ አድርገው ይተርኩታል። እኔ እንደ ሥራ ቅጥር ነው የማየው። ክፍት ቦታ ነበረ፤ ምት የሚስብ፣ መብረቅ የማይፈራ፣ ቶሎ የማይወድቅ ያስፈልግ ነበር፤ መስፈርቱን ያሟላችው እሷ ሆና ተገኘች። የሚወዱትን ያቀፈ ቡድን የሚሠራ ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይኸው ነው፦ ይህች የኔዋ ከሌላው የተሻለች የምትሆነው በምን ሥራ ነው? መልስ ከሌለ ቡድኑ የሚሠራው አምስት ሆኖ ነው።

በ2016 ሕጉ ታላላቆቹን ፍጡራን ሁለት ሁለት እንዲያስገቡ ፈቀደና ግሩዶንና ዘርኒያስ በየቡድኑ ሞሉ። ለትናንሾች ቦታ የጠፋ ይመስል ነበር። ሳንፍራንሲስኮ ላይ ያሸነፈው ዎልፍ ግሊክ ግን ከካዮገርና ከሬይኳዛ ጎን ራይቹንና ሂትሞንቶፕን ይዞ ነበር። ራይቹ መብረቅን ወደ ራሷ የምትስብ አቢሊቲ አላት፤ ውሃ ለሆነው ካዮገር ምን እንደምታደርግ ከፓቺሪሱ ታሪክ በኋላ ማስረዳት አያስፈልግም።

በዚያው ዓመት መጨረሻ በሰንና ሙን የሌላውን ሰው ቡድን በኪውአር ኮድ ተውሶ መጫወት ተቻለ። ለጀማሪ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ያሸነፈ ቡድን ወዲያው በሺዎች እጅ ይገባል፣ አሰላለፉም ይመሳሰላል። ደብረ ኤልያስ በቅኔ ጉባኤ ቤቱ የታወቀ አገር ነው፤ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም ተምረውበታል። እዚያ የትናንቱን ቅኔ፣ ይልቁንም የሌላውን፣ መድገም አያስከብርም፤ ለዕለቱ አዲስ ይፈለጋል። ተውሶ የሚጫወት ቡድኑ ለምን እንደተሠራ ሳያውቀው ይቀራል፤ ተጋጣሚው ያልተጠበቀ ነገር ሲያመጣበትም የሚይዘውን የሚጨብጠውን ያጣል።

ሰኔ 2019 የባሰ ዜና ተሰማ። ሶርድና ሺልድ ውስጥ ሁሉም ፖኪሞን እንደማይገባ ተነገረ፤ ልምድ ያለው ተጫዋች የሚወደውን ከናካቴው ማሰለፍ ተሳነው። ቁጣው ቀላል አልነበረም፣ ፍትሐዊም ይመስለኛል። በሌላ በኩል የማሳደጉ ድካም ቀለለ። በሬይ ሪዞ ዘመን ቁጥሩ የተሟላ አንድ ፖኪሞን ለማግኘት እንቁላል ከእንቁላል ማስፈልፈል ነበር ሥራው። በ2016 የጠርሙስ ክዳን የሚባለው ዕቃ የተወለደበትን ቁጥር፣ በ2019 ደግሞ ናና ጠባዩን እንዲያስተካክል ተደረገ። ልጅ ሳሉ የያዙትን ፖኪሞን ሳይጥሉ ለውድድር ማብቃት የተቻለው ያኔ ነው።

ቻሪዛርድም በእነዚህ ዓመታት ከፍ ዝቅ ስትል ቆይታለች። በ2006 ስቴልዝ ሮክ መጣ፤ ሜዳ ላይ የተነጠፈው ድንጋይ ገና ስትገባ የደሟን ግማሽ ይወስዳል። በ2013 ሜጋ የሚባለው በግጥሚያ መካከል መልክ የመለወጥ ሥርዓት ሲመጣ ሁለት መልክ ተሰጣት፤ አንዱ ድራጎን ያደርጋታል፣ ሌላው ፀሐይ ያወጣል። በ2019 ሜጋ ተወገደ፣ ፖኪሞንን የሚያገዝፈው ዳይናማክስ ተተካ፤ አሁንም አልተጎዳችም። በ2022 ስካርሌትና ቫዮሌት ዳይናማክስንም አስቀሩት። በምትኩ የመጣው ቴራ ማንኛውም ፖኪሞን በጨዋታ መካከል ወገኑን እንዲቀይር ይፈቅዳል፤ ድንጋይን የምትፈራው ቻሪዛርድ ወገኗን ለውጣ ከፍርሃቷ ትወጣለች።

ከ2023 ወዲህ በትልልቅ ውድድሮች ተጋጣሚዎች ከጨዋታ በፊት ዝርዝር ይለዋወጣሉ፦ ፖኪሞኖቹ፣ የያዙት ዕቃ፣ አቢሊቲያቸው፣ ምታቸው፣ ቴራቸው። ይህ ተወዳጆችን ይጎዳል የሚሉ አሉ፤ ያልተጠበቀ መሆን ነበርና ትልቁ ጉልበታቸው። እኔ ግን ያን ያህል አልሰጋም። የልምምድ ነጥቡ እንዴት እንደተከፈለ ዝርዝሩ ላይ አይጻፍም። ፓቺሪሱን ያቆማት ደግሞ ይኸው ያልተጻፈው ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ ስዊች የሚባለው ማጫወቻ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ካልሆነ ደብረ ኤልያስ አይደርስም። የሚቀረው ስልክ ነው። ፖኪሞን ጎ በ2018 ግሬት ሊግ የሚባል ግጥሚያ አምጥቷል፤ ከ1500 ነጥብ በላይ የሆነ ፖኪሞን አይገባም፣ ስለዚህ እንደ አዙማሪል ያሉ ትንንሾች ታላላቆቹን አስወጥተው ይነግሡበታል። ችግሩ ጎ ከቦታ ቦታ እየዞሩ የሚለቅሙት፣ ዕቃ የሚገኝባቸው ቦታዎችም በትልልቅ ከተሞች የሚበዙለት፣ ዳታ የሚበላ ጨዋታ መሆኑ ነው። በ2023 ክረምት በክልላችን፣ በአማራ፣ የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ የሚሠራው ያለ ኔትወርክ የሚከፈተው የድሮው ፋየርሬድ ብቻ ነበር። ኔትወርክ ሲኖር ግን ሾውዳውን የተባለው ነጻ ድረ ገጽ ይሻላል፦ ማሳደግ የለ፣ መግዛት የለ፣ የፈለጉትን መርጠው ወዲያው ይገጥማሉ፤ የየዘመኑን ሕግ ለይቶ መምረጥም ይቻላል። በ2025 ደግሞ ፖኪሞን ሻምፒዮንስ የተባለ፣ ለግጥሚያ ብቻ የሚሠራ ጨዋታ ለስዊችም ለስልክም እንደሚወጣ ይፋ ሆነ።

የፋየርሬዱ ልጅም የሦስተኛውን ትውልድ፣ ማለትም የፋየርሬድን ዘመን፣ ሕግ ሾውዳውን ላይ ከፍቶ ቻሪዛርዱን ሊሞክራት ይችላል። ስቴልዝ ሮክ በዚህ ሕግ ገና አልተፈጠረም። ቤሊ ድረም የደሟን ግማሽ ከፍላ ጉልበቷን እስከ ጫፍ የምታደርስበት ምት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚያስፈራት ድንጋይ ወርዋሪው ታይራኒታር ነው። ዱግትሪዮ የሚባለው ሦስት ራስ ያለው ፍልፈል አሬና ትራፕ በሚለው አቢሊቲው ተጋጣሚ ሸሽቶ እንዳይወጣ ይይዛል፤ ታይራኒታርን ይዞ በመሬት መንቀጥቀጥ ይጥልላታል። ፋየርሬድ ውስጥም ገና በመጀመሪያዎቹ ከተሞች አጠገብ ባለው የዲግሌት ዋሻ ይገኛል፣ ብዙው ልጅ አልፎት ይሄዳል። ኤሮዳክቲል ግን ድንጋይ ወርዋሪ ሆኖ ክንፍ ስላለው ወጥመዱ አይዘውም። ለእሱ በመብረቅ የሚመታው ጆልቲዮን ይሆናል፤ የሁለቱም የፍጥነት መነሻ 130 ነው፣ ልምምዳቸው እኩል ከሆነ ማን ቀድሞ እንደሚመታ ዕጣ ይለየዋል።