ስለ ዋትስ ማማዎችና ስለ ሌሎች የካሊፎርኒያ ድንቆች

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

ይህች ጽሑፌ በአንባቢያን ደብዳቤ ዓምድ ላይ ቦታ ታገኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ። ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌዋለሁ።

ከአገር ቤት ወደ ካሊፎርኒያ ዘመድ ለመጠየቅ የመጣ ሰው ወደ አገሩ ተመልሶ ‹‹ምን አየህ?›› ቢባል መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነው። በሆሊውድ የእግረኛ መንገድ ላይ የተነጠፉትን የተዋንያን ስም ያለባቸውን ኮከቦች፥ የዲዝኒላንድን ጨዋታ፥ የሳን ፍራንሲስኮን ድልድይ፥ ከዚህም ሁሉ በኋላ በ2002 ‹‹ትንሿ ኢትዮጵያ›› ተብሎ በተሰየመው በሎስ አንጀለሱ የፌርፋክስ መንገድ ላይ የበላውን ክትፎ ይተርካል። ክትፎውን እኔም አልነቅፈውም። ነገር ግን ከዚያው መንገድ ተነሥቶ፥ የመኪናው ብዛት ካላገደው በግማሽ ሰዓት ያህል የሚደረስበትን፥ አቻው የማይገኝለትን አንድ የእጅ ሥራ ሳያይ የሚመለሰው ወገናችን ብዙ መሆኑ ያሳዝነኛል። ሥራው የሚገኘው ዋትስ በሚባለው ሰፈር ነው፤ የዚህ ሰፈር ስም ደግሞ በእኛ ዘንድ የሚነሣው በ1965 ከሆነው ሁከት ጋር ብቻ ስለ ሆነ፥ ‹‹እዚያ አትሂድ›› የሚለው ምክር ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ይኖራል። እኔ ግን ብዙ ጊዜ ሄጃለሁ፤ እንግዳ በመጣ ቁጥርም እወስዳለሁ።

ሥራው የዋትስ ማማዎች ይባላል። ሠሪው በ1879 በኢጣልያ አገር የተወለደ፥ ገና በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የተሻገረ፥ ሳባቶ ሮዲያ የሚባል የቀን ሠራተኛ ነበር፤ ብዙዎች የሚያውቁት ሳይመን በሚለው ስሙ ነው። ሥዕልም ሆነ ምሕንድስና የተማረ ሰው አልነበረም። በ1921 በባቡር ሐዲድ አጠገብ ያለች ባለ ሦስት ማዕዘን ቁራሽ መሬት ገዝቶ ሥራውን ጀመረ። ያን ጊዜ ዕድሜው 42 ዓመት ነበር፤ ሥራውን ሲያቆም 75 ሆኖት ነበር። በዚህ መካከል ባለው 33 ዓመት ቀን ቀን በሰው ሥራ ላይ እየዋለ፥ ማታ ማታና በዕረፍቱ ቀን በግቢው ውስጥ ብቻውን ሲገነባ ኖረ።

አሠራሩን ላስረዳ። ፌሮውን ከሐዲዱ ሥር ሰክቶ በገዛ ጉልበቱ ያጎብጠዋል። ብረቱን ከብረቱ ጋር በሽቦ ጠፍሮ ያስረዋል፤ መገጣጠሚያውን በወንፊት ሽቦ ይጠቀልለውና በላዩ ሲሚንቶ ይመርግበታል። ሲሚንቶው ሳይደርቅ የተሰበረ ሳሕን፥ የስኒ ጆሮ፥ የሴራሚክ ስባሪ፥ ዛጎል፥ የጠርሙስ ቂጥ ይሰካበታል። ብየዳ የለም፤ ብሎን የለም፤ መወጣጫ እንጨት የለም። የሠራውን እየረገጠ ወደ ላይ ይወጣል፥ ወገቡን መስኮት ጠራጊዎች በሚታጠቁት ቀበቶ አስሮ፥ ሲሚንቶውን በባልዲ ይዞ። የሰፈሩ ልጆች የተሰባበረ ዕቃ እየለቀሙ ያመጡለት ነበር። እንዲህ እየተደረገ 17 ልዩ ልዩ ቅርፆች ቆሙ፤ ከነዚህም የረዘመው ማማ ወደ 30 ሜትር ይደርሳል። ቀርቦ ለሚመለከተው ደግሞ ጨዋታ አለው፤ ያ አረንጓዴ ዕንቍ የመሰለው የሰቨን አፕ ጠርሙስ ነው። በሥራው ላይም በስፓኝ ቋንቋ ‹‹ኑኤስትሮ ፑኤብሎ›› ብሎ ጽፎበታል፤ ትርጓሜውም ሕዝባችን ወይም መንደራችን ማለት ነው።

አንድ የማከብራቸው ሽማግሌ ለልጃቸው ሠርግ ከአዲስ አበባ በመጡ ጊዜ ወስጃቸው ነበር። አንገታቸውን ቀና አድርገው ብዙ ከተመለከቱ በኋላ፥ ‹‹ለመሆኑ ልጄ፥ ይህን ሁሉ ገል ወደ ሰማይ ሲከምር ፈቃድ የሰጠው ማነው?›› አሉኝ። ጋሼ መጠየቃቸው ትክክል ነው፤ የከተማው ሹማምንትም የጠየቁት ይህንኑ ነበርና።

ነገሩም እንዲህ ነው። ሮዲያ በ1955 ቦታውን ለጎረቤቱ ሰጥቶ ወደ ሰሜን ካሊፎርኒያ ሄደ፤ ተመልሶም ሥራውን አላየውም። ጥቂት ቆይቶ የሎስ አንጀለስ ከተማ የሕንፃ ጉዳይ ሹማምንት፥ ማማዎቹ በሕዝብ ላይ ሊወድቁ የሚችሉ አደገኛ ነገሮች ናቸውና ይፍረሱ ብለው ትእዛዝ ሰጡ። በ1959 ዊሊያም ካርትራይትና ኒኮላስ ኪንግ የሚባሉ፥ በፊልም ሥራ የሚተዳደሩ ሁለት ወጣቶች ቦታውን በ3,000 ዶላር ገዙና ከሌሎች ወዳጆች ጋር ኮሚቴ አቋቋሙ። ክርክሩ ተጋጋለ። አንዱ ወገን ‹‹ጥበብ ነው›› ይላል፤ ሌላው ወገን ‹‹ጥበብ ይሁን አይሁን አናውቅም፥ ሰው ላይ ቢወድቅ ተጠያቂው ማነው?›› ይላል። እንዲህ ያለው ክርክር ደግሞ በንግግር የሚያልቅ አይደለም።

በዚህ ጊዜ ቡድ ጎልድስቶን የሚባል የአውሮፕላን መሐንዲስ አንድ ሐሳብ አቀረበ። ይኸውም ማማው በኃይል ይጎተት፤ ከወደቀ ወደቀ፥ ከቆመ ግን ይተዉት የሚል ነው። በኦክቶበር 10 ቀን 1959 ሕዝብ ተሰብስቦ እየተመለከተ ረጅሙ ማማ በ10,000 ፓውንድ ኃይል፥ በእኛ ሚዛን 45 ኩንታል በሚያህል ጭነት ወደ ጎን ተሳበ። ማማው ምንም አልሆነም። መጉበጥ የጀመረውስ የመጎተቻው መሣሪያ ነበር። ከማማው ላይ የወደቀውም አንድ ዛጎል ብቻ ነው ይባላል። የማፍረሱም ትእዛዝ በዚሁ ቀረ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እጅግ የሚያስደስተኝ የማማው መቆም ብቻ አይደለም። ሹማምንቱ ያን ያህል ቈርጠው ከተነሡ በኋላ ለፈተና እሺ ማለታቸው፥ ውጤቱንም ባዩ ጊዜ መቀበላቸው ነው። ዛሬ ሥራው የካሊፎርኒያ ግዛት ንብረት ሲሆን፥ በ1990 ደግሞ በአሜሪካ መንግሥት ዘንድ የአገር ታሪካዊ ቅርስ ተብሎ ተመዝግቧል።

ሮዲያ በጁላይ 1965 ሞተ። አንድ ወር ሳይሞላ፥ በዚያው ዓመት በኦገስት፥ ፖሊስ አንድ ጥቁር አሽከርካሪ ሲይዝ የተጀመረው ጠብ ለብዙ ዘመን ከተጠራቀመው በደልና ድህነት ጋር ተጋጥሞ ዋትስ በእሳት ነደደ፤ 34 ሰዎችም ሞቱ። ሱቁ ሁሉ ሲቃጠል ማማዎቹን የነካቸው አልነበረም። በማማዎቹ ሥር በተከፈተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ኃላፊ የነበረው ጥቁር አሜሪካዊው ሠዓሊ ኖዋ ፑሪፎይ፥ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ከባልደረባው ከጀድሰን ፓወል ጋር ሆኖ ከፍርስራሹ ውስጥ ሦስት ቶን ያህል የተቃጠለ እንጨት፥ የቀለጠ ብርጭቆና ብረት ለቀመ። ከዚህም በ1966 ለሕዝብ የታየ ኤግዚቢሽን አወጣ።

ይኸው ሰው በ1989፥ በ72 ዓመቱ፥ ጆሹዋ ትሪ ወደሚባለው በረሃ ሄዶ ተቀመጠ፤ በ2004 እስኪሞትም ድረስ በዚያ ሠራ። ከሎስ አንጀለስ ወደ ምሥራቅ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ያስነዳል። 4 ሔክታር በሚያህል አሸዋ ላይ ከአሮጌ ጎማ፥ ከብስክሌት፥ ከመጸዳጃ ቤት መቀመጫ፥ ከምግብ ቤት ትሪ የተሠሩ ቤት መሳይ፥ ባቡር መሳይ፥ ምንም የማይመስሉም ነገሮች ቆመዋል። ዘበኛ የለም፤ የመግቢያ ዋጋም የለም። ፑሪፎይ ፀሐይና ነፋስ ሥራውን ሲያበላሹት እንደ ጠላት አልቆጠራቸውም፤ የሥራው ተካፋዮች ናቸው ይል ነበር። ስለዚህ አምና ያየኸው እንጨት ዘንድሮ ተላልጦ ብታገኘው አትደነቅ። እኔ በዚህ ሐሳብ ሙሉ በሙሉ አልስማማም፤ ቢጠገን እወድ ነበር፤ ነገር ግን ሥራው የእሱ ነው።

ከዚያ ወደ ደቡብ፥ ሶልተን ባሕር ከሚባለው ጨዋማ ሐይቅ አጠገብ፥ የመዳን ተራራ የሚባል አለ። ይህን የሠራው ሊዮናርድ ናይት የሚባል ሰው በ1984 ሲመጣ አሳቡ አንድ ሳምንት ብቻ ለመቆየት ነበር። የእግዚአብሔርን ፍቅር የሚናገር ቃል በትልቁ ለመጻፍ ብሎ ከሲሚንቶና ከአሸዋ ያቆመው ክምር በ1989 ተናደ። አልተቈጣም፤ ሰው ስላልተጎዳ ተመስገን ብሎ እንደገና ጀመረ፤ በዚህኛው ጊዜ ግን በጭቃና በጭድ ነበር። ይህን በሰማሁ ጊዜ ሳቄ መጣ፤ ምርጊት መሆኑ ነውና! በላዩ መንገደኛ እያመጣ የሚሰጠውን ቀለም ደጋግሞ ይቀባዋል። በ1994 የአውራጃው ሹማምንት ቀለሙ መሬቱን መርዟል ብለው ሊያፈርሱት ቢነሡ፥ ወዳጆቹ አፈሩን በሌላ ባለሙያ አስመርምረው የሚያሠጋ መርዝ እንደሌለበት አሳዩ። ይህም ሁለተኛው ፈተና መሆኑ ነው። ናይት በ2014 ሞቷል፤ ዛሬ በጎ ፈቃደኞች ይጠብቁታል።

ሁሉም እንዲህ አልዳነም። በሲሚ ቫሊ ከተማ ወይዘሮ ትሬሳ ፕሪዝብሪ በ60 ዓመታቸው፥ በ1956፥ የሰበሰቡትን 17,000 እርሳስ የሚያስቀምጡበት ቤት ፈልገው፥ ከቆሻሻ መጣያ በለቀሙት ጠርሙስ መንደር የሚያህል ነገር ሠርተው ነበር። በ1994 የሆነው የመሬት መንቀጥቀጥ ክፉኛ አፈራረሰው።

የቀረው ፍሬዝኖ ነው፤ ከሎስ አንጀለስ ወደ ሰሜን 350 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ባልዳሳሬ ፎረስቲየሬ የሚባል የሲሲሊ ሰው ብርቱካንና ሎሚ አለማለሁ ብሎ በዚያ መሬት ገዛ። ቢቆፍር ከላይኛው አፈር ጥቂት ወረድ ብሎ እንደ ሲሚንቶ የጠጠረ ድርብርብ ሆኖ አገኘው፤ ሥር የሚሰድበት ተክል የለም። ሌላው ሰው ቢሆን መሬቱን ሸጦ ይሄድ ነበር። እሱ ግን ቀድሞ በምሥራቅ አሜሪካ የባቡር ዋሻ ሲቆፍር የኖረ ነበርና ዶማና አካፋውን ይዞ ወደ ታች ወረደ። በ1906 የጀመረውን በ1946 እስኪሞት ድረስ አላቆመም። የፍሬዝኖ በጋ ከ38 ዲግሪ የሚያልፍ ሐሩር ስላለው መጀመሪያ የቆፈረው ለራሱ መጠለያ ነበር፤ ቀጥሎ መኝታ ቤት፥ ወጥ ቤት፥ የጸሎት ክፍል፥ የዓሣ ገንዳ፥ እያለ ብዙ ክፍሎችን ከረዣዥም መተላለፊያዎች ጋር አወጣ። አንድም ፕላን በወረቀት አልነደፈም።

ዛፎቹንም ያንን ጠጣር አፈር አልፎ ከታች ተከላቸው፤ ብርሃን እንዲያገኙ ከላይ ክብ ቀዳዳ ከፈተላቸው። በአንዱ ግንድ ላይ የልዩ ልዩ ዓይነት ብርቱካንና ሎሚ ቅርንጫፍ አጣብቆ አሳደገ። ዛሬ ቦታውን የሚያስጎበኙት የራሱ ቤተ ዘመዶች ናቸው፤ ሁልጊዜ ክፍት ስላልሆነ ከመሄድ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከላይ በሜዳው ላይ የሚራመድ ሰው የሎሚውን ዛፍ ጫፍ እንደ ቁጥቋጦ ከእግሩ አጠገብ ያየዋል፤ ግንዱን ለማየት ግን ደረጃውን መውረድ አለበት።

ከአክብሮት ጋር፤
የዘወትር አንባቢያችሁ፥ ከሎስ አንጀለስ