ልጃችን «ስለ ራስህ ንገረን» ሲባል ምን ይመልስ?

«ልጄ ሦስት ዓመት ተምሮ ዲግሪውን ያዘ። ፎቶውን ሳሎን ሰቀልነው። እሱ ግን ዛሬም የገበያ ማዕከል በር ላይ ቆሞ የሰው ቦርሳ ይፈትሻል።» ይህን የመሰለ ቃል በለቅሶ ቤትም በሠርግ አዳራሽም ደጋግመን እንሰማለን። ጥበቃ ሥራ ነው፤ ጽዳትም ሥራ ነው። ብዙዎቻችን ልጆቻችንን ያሳደግነው በዚያ እንጀራ ነው። የሚያንገበግበን የተማረ ልጅ በተማረበት አለመሥራቱ ነው።

ለዚህ ብዙ ምክንያት አለ። ዛሬ ግን እኛ ወላጆች እጃችን ያለበትን፣ ልንረዳም የምንችለውን እናንሳ።

በቃለ መጠይቅ ላይ የሚሆነው

በቤታችን ልጅ በታላቅ ሰው ፊት ዓይኑን ሰበር ያደርጋል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይናገራል። ስለ ራሱ አያወራም፤ ሙያው በሌላ ሰው አፍ ሲነገር ነው የሚያምረው። «እኔ እንዲህ ነኝ፣ እንዲህ እችላለሁ» የሚል ልጅ ጉረኛ ተብሎ ይቆጠራል። እንዲህ አድርገን ነው ያሳደግናቸው፤ ጨዋነት ነውና አናፍርበትም።

ልጁ ራአዮን ማለትም የሥራ ቃለ መጠይቅ ሲገባ ግን ጠያቂው «ስለ ራስህ ንገረን» ይለዋል። ልጃችን ወደ ጠረጴዛው እያየ «ዲግሪ አለኝ፣ መሥራት እፈልጋለሁ» ብሎ ዝም ይላል። ከእሱ ቀጥሎ የገባው ሌላው ወጣት ደግሞ ዓይን ለዓይን እያየ ስለ ራሱ አሥር ደቂቃ ያወራል። ጠያቂው የእኛን ልጅ ዝምታ እንደ ጨዋነት አያየውም። «በራሱ አይተማመንም» ብሎ ይጽፍና ወረቀቱን ወደ ጎን ያኖረዋል።

ስለዚህ ለልጆቻችን በግልጽ ልንነግራቸው የሚገባ ነገር አለ። የሠሩትን እውነተኛ ነገር በጠያቂ ፊት መናገር ትዕቢት አይደለም። ያልሠሩትን ሠራሁ ማለት ነው ነውሩ። ይህን ቃል ከአባትና ከእናት አፍ ሲሰሙት ይቀልላቸዋል፤ ዝም በሉ ያልናቸው እኛው ነንና ተናገሩ ማለትም ከእኛ ይጀምራል።

የሚናገሩት ነገር ሞልቷል

ወጣቶቻችን «ልምድ የለኝም» ይላሉ። እስቲ እናስታውስ። በአሥራ ሁለት ዓመቱ ብጡዋህ ሌኡሚ፣ ባንክና ሐኪም ቤት ከእኛ ጋር እየሄደ ደብዳቤ ያነበበልን፣ ያስተረጎመልን፣ ከጸሐፊዋ ጋር የተከራከረልን ማን ነበር? ያ ልጅ ሁለት ቋንቋ ያውቃል፤ ኃላፊነት መሸከም፣ ከቢሮ ሰው ጋር መነጋገርም ለምዷል። በጦር ሠራዊት ውስጥ ስንት ሰው እንደመራ፣ ምን ዓይነት ዕቃ በእጁ እንደነበረ፣ ትምህርቱን የጨረሰው በሌሊት እየሠራ መሆኑ ሁሉ ይነገራል፤ ይጻፋልም።

ይህ ሁሉ የሚሰፍርበት ወረቀት ኮሮት ሃይም ይባላል። በንጹሕ ዕብራይስጥ፣ ከአንድ ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል። ለሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ወረቀት ከመላክ ይልቅ ሥራው የሚፈልገውን እያዩ ከላይ ማስቀደም ይሻላል።

ደግሞ አንድ ነገር እንጨምር። በዚህ አገር ብዙ ሥራ የሚገኘው በሰው በኩል ነው፤ «ሃቬር መቪ ሃቬር»፣ ጓደኛ ጓደኛውን ያመጣል ይባላል። የእኛ ልጆች በትልልቅ ድርጅት ውስጥ የሚያውቁት ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን አንድን ቢሮ አሥር ዓመት ያጸዳች እናት አስተዳዳሪውን በስሙ ታውቀዋለች፤ እሱም ታማኝነቷን ያውቃል። «ልጄ በሒሳብ ሥራ ተመርቋል፣ ወረቀቱን ላሳይዎት?» ብትል ልመና አይደለም። ሌላው ሕዝብ ሁልጊዜ የሚያደርገው ነው።

በር ሲዘጋብን

ሁሉንም ጥፋት በልጆቻችን ጨዋነት ላይ ብንጭነው ግን ሐሰት ይሆናል። ስሙ ወይም መልኩ ታይቶ የተመለሰ ልጅ አለ። የ1988 የእኩል የሥራ ዕድል ሕግ አሠሪ በትውልድ፣ በአገር፣ በዕድሜ፣ በሃይማኖትና በመሳሰሉት ምክንያት ሥራ እንዳይከለክል፣ ዕድገት እንዳይነፍግና እንዳያባርር ያዝዛል። አሠሪ የሥራ ፈላጊውን የሠራዊት የጤና ፕሮፋይል መጠየቅም አይፈቀድለትም። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ቀኑን፣ የጠያቂውን ስምና የተባለውን ቃል በዚያው ዕለት ጽፎ መያዝ ነው። አቤቱታ የሚቀበል የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን አለ። ለማኅበረሰባችን የሕግ ርዳታ የሚሰጠው «ጠበቃ» የተባለው ድርጅትም አለ።

የመንግሥት ሥራን በተመለከተ በ2011 የተሻሻለው ሕግ የኢትዮጵያ ተወላጆች በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተገቢ ውክልና እንዲኖራቸው ያዝዛል። እዚህ የተወለደ ልጅም ወላጁ ኢትዮጵያ ከተወለደ ይመለከተዋል። ለዚህ ተብለው የሚወጡ የሥራ ቦታዎች ስላሉ፣ ልጆቻችን ለመንግሥት ሥራ ሲያመለክቱ ይህን ጠይቀው በማመልከቻው ላይ ይግለጹ።

«እኔስ ሙያ የለኝም» ለምንል

በእኛ በወላጆች ዕድሜ ሥራ የሚፈልግም ብዙ ነው። «ያልተማርኩ ነኝ፣ ሙያ የለኝም» እንላለን። ጎንደር ሳለን ብረት የቀጠቀጠ፣ ሸማ የሠራ፣ ሸክላ የሠራች፣ መሬት ያረሰ ሰው ሙያ የለውም እንዴት ይባላል? ለሁለት መቶ ሰው የሠርግ ድግስ የምታወጣ እናት ወጥ ቤት ማስተዳደር ታውቃለች። ሊሽካት ታዕሱካ ስንቀርብ «ማንኛውም ሥራ» ከማለት ይልቅ በእጃችን የምናውቀውን እንናገር፤ የሚሰጥ የሙያ ሥልጠና ካለም እንጠይቅ። ዕብራይስጡ ቢያስቸግር ልጅ ወይም ጎረቤት አብሮን ይሂድ።

ከሥራ የተሰናበተ ሰው ሳይውል ሳያድር ሊሽካት ታዕሱካ ሄዶ ይመዝገብ። የሥራ አጥ አበል ለማግኘት ከሥራ ከመቆሙ በፊት በነበሩት 18 ወራት ውስጥ 12 ወር የሠራ መሆን ያስፈልጋል። ተናድዶ ያለ በቂ ምክንያት ሥራውን የተወ ሰው ደግሞ አበሉን 90 ቀን ይጠብቃል። ስለዚህ ከአለቃ ጋር ስንጣላ፣ ቁልፉን ወርውረን ከመውጣታችን በፊት የሚያውቅ ሰው እንጠይቅ።

«ሥራ አስገባችኋለሁ፣ መጀመሪያ ገንዘብ ክፈሉ» የሚል አገናኝ ቢመጣም አንክፈል። የግል የሥራ አገናኝ ቢሮ ከሥራ ፈላጊው ገንዘብ እንዳይቀበል ሕጉ ይከለክላል።

ሥራው ከተገኘ በኋላ

ሥራ ማግኘት የመንገዱ ግማሽ ነው። የቀረው ግማሽ ወረቀት ነው።

አሠሪው ሥራ በተጀመረ በ30 ቀን ውስጥ የሥራውን ሁኔታ፣ ማለትም ደመወዙን፣ ሰዓቱንና የሥራውን ዓይነት በጽሑፍ መስጠት አለበት። በየወሩ ትሉሽ፣ የደመወዝ ወረቀት፣ መድረስ አለበት። የወሩ ደመወዝ እስከ ቀጣዩ ወር 9ኛ ቀን ካልገባ እንደዘገየ ይቆጠራል። ቀድሞ የፔንስያ ገንዘብ ያልነበረው ሠራተኛ ከስድስት ወር በኋላ አሠሪው ለፔንስያ ሊከፍልለት ይገባል። ከዚህ በፊት ፔንስያ የነበረው ግን መብቱ ከመጀመሪያው ቀን ይቆጠርለታል፤ ስለዚህ ይህን ለአዲሱ አሠሪ መንገር አይርሳ።

በካብላን በኩል በጽዳትና በጥበቃ ለምንሠራ ይህ ይበልጥ ያስፈልገናል። ካብላኑ ይቀየራል፣ እኛ እዚያው ሕንፃ እንቀራለን፤ አዲሱ «ከዛሬ ጀምረህ ነው» ይለናል። ለስንብት ካሳ ግን ሕጉ በአንድ አሠሪ ዘንድ ብቻ ሳይሆን በአንድ የሥራ ቦታ ላይ የቆየንበትንም ጊዜ ይቆጥራል። ይህን የሚያስረዳልን የድሮው ትሉሽ ነው። አንድም አንጣል፤ በዓመት በዓመት አሥረን እናስቀምጥ።

ዛሬ ማታ

ልጃችን የፊታችን ሳምንት ቃለ መጠይቅ ካለው፣ ከእራት በኋላ ፊት ለፊት እናስቀምጠው። ቡናው እስኪፈላ «ስለ ራስህ ንገረን» እንበለው። ዓይኑን ሲሰብር «ቀና በል» እንበለው። ረስቶት ያለፈውን፣ እኛ ያየነውን ሥራውን እናስታውሰው። ሁለተኛ ይድገመው፤ ሦስተኛም። በባዕድ ሰው ፊት ከመናገሩ በፊት ያሳደገው ሰው ይስማው።