እውነት ወይስ ተረት? የአሮጌ ጊታር አንገት

ድምፃዊው ዓሊ ቢራ ተወልዶ ባደገባት፣ የሙዚቃ ቡድኑ አፍረን ቀሎም በ1950ዎቹ (በእኛ አቆጣጠር) በተመሠረተባት ድሬዳዋ የጊታር ወሬ አያልቅም። ከውጭ ስለሚመጡት አሮጌ ኤሌክትሪክ ጊታሮች፣ በተለይም ከፊል ባዶ አካል ስላላቸው የሚወራው ግን ብዙው ከእውነቱ የራቀ ነው፤ ገዢንም ያከስራል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ተረት፦ «አቦ፣ የ59 ከሆነ አንገቱ ወፍራም ነው፤ የ60ዎቹ ቀጭን ነው።»

እዚህ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል። ጊብሰን ኢኤስ 335ን ያወጣው በ1958 ነው፤ መሃሉ ላይ ወፍራም የሜፕል ግንድ የገባበት፣ ግራና ቀኙ ባዶ የሆነ ጊታር። የመጀመሪያዎቹ አንገቶች ባብዛኛው ክብና ሞላ ያሉ ናቸው። በ1960 መሳሳት ጀመሩ፣ በ1961 እና በ1962 ጠፍጠፍ አሉ፣ በ1964 ደግሞ መልሰው ወፈሩ። እንግዲህ «የ60ዎቹ አንገት» የሚባል አንድ ነገር የለም። በዚያ ላይ ካላማዙ በነበረው የጊብሰን ፋብሪካ የአንገቱን የመጨረሻ ቅርፅ የሚያወጣው ሠራተኛው ነበር፤ አንገቱን በሚሽከረከር ሞራጅ ቀበቶ ላይ በእጁ እያገላበጠ ነው የሚጨርሰው። አንዱ ጠበቅ፣ ሌላው ላላ አድርጎ ይይዛል። በአንድ ዓመት የተሠሩ ሁለት ጊታሮች አንገታቸው ባይመሳሰል አያስገርምም።

በወፍራሙና በቀጭኑ መካከል ያለው ልዩነት መጀመሪያው ፍሬት (የጣት ሰሌዳው አግዳሚ ብረት) ላይ ሲለካ ሁለት ሚሊሜትር ገደማ ነው። ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል፤ አውራ ጣት ግን ወዲያው ያውቀዋል። ከውፍረቱም በላይ የሚያታልለው ትከሻው ነው፤ ማለትም የአንገቱ ጀርባ ወደ ጠርዙ የሚዞርበት ቦታ። ውፍረታቸው እኩል የሆነ ሁለት አንገቶች ካሉ፣ ትከሻው የተሞረደው ቀጭን፣ ትከሻው የሞላው ወፍራም ሆኖ እጅ ላይ ይሰማል። ውፍረት የሚለካበት ካሊፐር ይህን አያሳይም። ስለዚህ በስልክ የውፍረቱን ቁጥር ብቻ ሰምቶ ገንዘብ መላክ አደገኛ ነው ብዬ አምናለሁ።

ተረት፦ «ጠባብ አንገት ቀጭን አንገት ነው።»

ስፋትና ውፍረት ለየቅል ናቸው። በ1965 ጊብሰን ነቱን፣ ማለትም ክሮቹ ከጊታሩ ራስ ሲወርዱ የሚያርፉበትን ቁራጭ፣ ከ43 ሚሊሜትር ገደማ ወደ 40 ገደማ አጠበበው። ክሮቹ ተቀራረቡ፤ ኮርድ ሲያዝ ጣት የጎረቤቱን ክር ይነካል። የአንገቱ ጀርባ ግን የግድ አልቀጠነም። ጣቱ ወፈር ያለ ተጫዋች «ቀጭን አንገት አይስማማኝም» ሲል ብዙ ጊዜ ያስቸገረው ጥበቱ ነው።

ተረት፦ «አንገቱ ከወፈረ ድምፁ ያምራል።»

እንዲህ ያለ ሕግ የለም። ፒክአፑ (የክሩን ንዝረት የሚቀበለው ክፍል)፣ ክሩ፣ አምፕሊፋየሩና የተጫዋቹ እጅ ከዚያ በላይ ይናገራሉ። ጊታር ተጫዋቹ ላሪ ካርልተን ስሙን የተከለው በ1969 በተሠራ 335 ነው። ኤሪክ ክላፕተን ይጫወትበት የነበረው የ1964ቱ ደግሞ በ2004 በጨረታ 847,500 ዶላር ተሸጧል፤ ያን ዋጋ ያመጣው የክላፕተን ስም ነው።

ተረት፦ «የድሬ ሙቀት አንገቱን ያበላሸዋል።»

ግማሹ እውነት ነው። እንጨትን ይበልጥ የሚያንቀሳቅሰው ግን እርጥበት ነው። በክረምት ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ የወረደ ጊታር እርጥበቱን ሲለቅ የአንገቱ ቀጥተኛነት ሊለወጥ ይችላል፤ ይህንን አንገቱ ውስጥ ባለው የብረት ዘንግ፣ በትራስ ሮድ፣ ማስተካከል ይቻላል። የጀርባው ቅርፅ ግን በአየር ጠባይ አይለወጥም። ሌላም ነገር አለ፦ የጣት ሰሌዳው ሲደርቅ ወደ ጎን ይኮማተራል፣ የፍሬቱ ብረት ግን አይኮማተርም። በአሮጌ 335 ላይ ነጩ የፕላስቲክ ጠርዝ የፍሬቶቹን ጫፍ ይሸፍናል፤ ሲደርቅ ልክ እዚያ ጋ ቀጫጭን ስንጥቅ ይታያል። ጣት የሚቧጭረውም ያ ጫፍ ነው እንጂ የአንገቱ ቅርፅ አይደለም። በፀሐይ የቆመ መኪና ውስጥ መተው ግን በእርግጥ ጥፋት ነው፤ ሙጫው ይለቃል።

ለመግዛት ያሰበ ሰው በመጀመሪያውና በአሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ የአንገቱን ውፍረት፣ የነቱን ስፋት፣ የጠርዙንም የቅርብ ፎቶ ይጠይቅ። ከሁሉ በላይ የአንገቱ ጀርባ ቀለም የፋብሪካው መሆኑን ያረጋግጥ። ባለቤቶች ወፍራም አንገት አስፍቀው እንደገና ቀለም ያስቀባሉ፤ እንዲህ ከሆነ ዓመቱ ትክክል ቢሆንም አንገቱ የዚያ ዓመት አንገት አይደለም።